አራት አራት አድርጊው

የመጠይቁ 14ኛ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «በሚጠቀሙት የሕዝብ ትራንስፖርት ውስጥ ያለዎት የግል ቦታ ምን ያህል ያረካዎታል?» መልሱ በቁጥር ነው። 1 ማለት በጭራሽ አያረካኝም፣ 5 ማለት እጅግ በጣም ያረካኛል።

ሐዋሳ ውስጥ ባጃጅ የሚሳፈር ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ይስቃል። የግል ቦታ? ከኋላ ሦስት ሰው፣ ሦስት ዘንቢል፣ የበዓል ሰሞን ከሆነ ደግሞ እግሩ የታሰረ ዶሮ። ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ ነው የሚኬደው። ሹፌሩ አንድ ሰው አጠገቡ ከደረበ ደግሞ የመሪው ግማሽ የእንግዳው ነው።

እኔ ዳታ ሰብሳቢ ነኝ። ሶሲዮሎጂ ነው የተማርኩት። ጥናት ሲኖር ወረቀቴንና እስክሪብቶዬን ይዤ እወጣለሁ፤ ጥናት ሲጠፋ እህቴ ሱቅ ገብቼ ስኳርና ዘይት እሸጣለሁ። ስለ ወባ አጎበር ጠይቄያለሁ። ስለ ቁጠባም፣ ስለ ቡና ገበሬዎችም ጠይቄያለሁ። የአሁኑ ስለ ከተማ ተሳፋሪዎች ባህርይ ነው። የማን ጥናት እንደሆነ አልናገርም፤ ሥራው አላለቀም፣ ክፍያውም አልገባልኝም።

መጠይቁ ለሌላ አገር ተዘጋጅቶ እንደመጣ ግን ያስታውቃል። መጀመሪያ ላይ «ከቤትዎ እስከ ባቡር ጣቢያ በእግር ስንት ደቂቃ ይፈጅብዎታል?» የሚል ጥያቄ ሁሉ ነበረበት። ሐዋሳ ላይ ባቡር በቴሌቪዥን ካልሆነ የት ይታያል? እሱ በስልጠናው ቀን ተሰረዘ። 14ኛው ግን ተረፈ።

መናኸሪያ አካባቢ ከጠየቅኳቸው ሰዎች መካከል አንዲት እናት ነበሩ። ጎመንና ድንች የሞላ ዘንቢል ይዘው ባጃጅ ይጠብቃሉ። «እማማ፣ ትንሽ ጊዜ ካለዎት» ስላቸው ዘንቢሉን መሬት አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንደ ትልቅ ጉዳይ ቆመው አዳመጡኝ። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ። ብዙም ሳልሄድ እጄን ያዝ አደረጉና «ልጄ፣ ፀሐዩም በረታ፣ አራት አራት አድርጊው» አሉኝ።

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም። አምስት ካልኩሽ ውሸት ይመስላል። ሁለት ሦስት ካልኩሽ ደግሞ ልጆቹ እንጀራቸው ነው።»

ልጆቹ የሚሏቸው ሹፌሮቹን ነው። ወረቀቱ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዶ የልጆቹን ባጃጅ የሚያስቆም መስሏቸዋል። እንግዲህ ይህን መልስ ምን ላይ ልጻፈው? የእርካታ መለኪያ ተብሎ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባው 4 የእርካታ አይደለም። ለሰው ልጅ ማዘን ነው፤ ትንሽም ከመንግሥት ነገር የመራቅ ፍላጎት አለበት።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር አመንኩ። የተሳፋሪን ባህርይ በመጠይቅ ማግኘት አይቻልም። ቢያንስ በመጠይቅ መጀመር የለበትም። መጀመሪያ ተሳፍሮ ማየት ነው። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ማታ ማታ በስልኬ የማነባቸው የትልልቅ ከተማ ጥናቶችም፣ ጥሩ ጥሩዎቹ፣ ሰውን ከመጠየቅ ይልቅ ሲያደርግ ያዩት ናቸው።

የኒውዮርኩን እንውሰድ። ስታንሊ ሚልግራም የሚባል የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር በኒውዮርክ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ነገሩን ያነሳሱት አማቱ ናቸው። ወጣቶች ሽበታም ሴት ቆማ እያዩ በምድር ውስጥ ባቡሩ ላይ የማይነሱት ለምንድነው ብለው ጠየቁት። (ይህች አማት ሐዋሳም አሉ። የሁላችንም አማት ናቸው።) ሚልግራም ተማሪዎቹን ባቡር ውስጥ ላካቸው። የተቀመጠ ሰው ዘንድ ሄደው፣ ያለ ምንም ምክንያት፣ «ይቅርታ፣ ቦታዎን ሊለቁልኝ ይችላሉ?» እንዲሉ።

ሰው ይቆጣል፣ ይሳደባል ብለው ነበር የጠበቁት። ከመቶ 68 ያህሉ ግን ወይ ተነሱ ወይ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡ። ይበልጥ የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። ተማሪው «ቆሜ መጽሐፌን ማንበብ አልቻልኩም» የሚል ምክንያት ሲጨምር የሚነሳው ሰው ወደ 42 ከመቶ ወረደ። እኔ ይህ አይገርመኝም። ያለ ምክንያት የሚለምን ሰው አንድ ነገር ቢሆን ነው ይባላል፤ ያሳዝናል። ምክንያቱን ሲናገር ግን ምክንያቱ ይመዘናል። «መጽሐፍህን ቤትህ አንብብ» ለማለት ይመቻል።

ፕሮፌሰሩ ራሱም ሊሞክረው ሄደ። ቃሉ ጉሮሮው ላይ ተያዘ። እንደምንም አፍ አውጥቶ ጠየቀና ቦታው ተለቀቀለት። ሲቀመጥ ግን አንገቱን ደፍቶ የታመመ ሰው መሰለ። ለምኖ ላገኘው ቦታ የሚገባው ለመምሰል ነው። ይህን በመጠይቅ ማን ያገኘዋል? «ቦታ እንዲለቀቅልዎ ሲጠይቁ ምን ያህል ይጨነቃሉ፣ ከ1 እስከ 5» ተብሎ ቢጠየቅ እሱም 2 ይል ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

አሁን ወደ ባጃጃችን ልመለስ። ባጃጅ ውስጥ ለሽማግሌ መነሳት አይቻልም፤ ጣሪያው ጭንቅላትህን ይመታሃል። «ኖር» ተብሎ የሚነሳው ሳሎን ውስጥ ነው። ታዲያ አክብሮቱ የት ገባ? አቀማመጡ ውስጥ ገባ።

ያልተሳፈራችሁ ካላችሁ ላስረዳ። ብዙዎቹ ባጃጆች በግራ በኩል ተዘግተዋል። መግቢያና መውጫው በቀኝ ብቻ ነው። ስለዚህ በሩ ጋ ያለው ሰው ካልወረደ ከውስጥ ያለው መውረድ አይችልም። በዚህ ምክንያት ሰው ሊገባ ሲል «የት ነህ?»፣ «የት ነሽ?» ይባላል። ሰው እንደሚያስበው የሰው ጉዳይ ውስጥ መግባት አይደለም። ሩቅ የሚሄደው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ቅርብ የሚወርደው በሩ ጋ ይቀመጣል። ሹፌሩ አንድ ቃል አይናገርም። የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች በደቂቃ ውስጥ መንገዳቸውን ተነጋግረው ተሰልፈው ይቀመጣሉ። «እኔ ሪፈራል ነኝ፣ ልግባ።» «እኔ ቅርብ ነኝ፣ ግባ ግባ።» አለቀ። የትራፊክ ምህንድስና ያልተማረ ሰው ሁሉ እዚህ ከተማ ይህን ያውቃል።

ችግሩ ይህ ደንብና የአክብሮቱ ደንብ ሲጋጩ ነው። ሽማግሌ ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ ወደ ውስጥ እየተንፏቀቁ መግባት ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ሩቅ ቢሄዱም በሩ ጋ ይቀመጣሉ። ማንም አይከራከርም። ግን ከውስጥ ያለው ሰው መውረጃው ሲደርስ ምን ያደርጋል?

አንድ ቀን ከፒያሳ ስመለስ እኔ ከጥግ ነበርኩ። አንዲት ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ መሀል ገባች። በሩ ጋ ከዘራ የያዙ አባት አሉ፤ ጋቢያቸው የልጅቷን ጉልበት ሸፍኖታል። መንገድ ላይ ልጅቷ አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ውጭ አየች። አፏን ከፈተች፣ ከዘራውን አየች፣ መልሳ ዘጋችው። ባጃጁ አለፈ። አባትየው የሚወርዱበት ደርሶ፣ ሹፌሩ ወርዶ ክንዳቸውን ይዞ ካወረዳቸው በኋላ፣ እሷም ዘላ ወረደች። ከፈለችና በመጣችበት መንገድ ወደ ኋላ መራመድ ጀመረች። አባትየው ምንም አላወቁም። ሹፌሩ ግን አውቋል። «አልፈሻል እኮ!» ሲላት «እዚሁ ነኝ» አለችው። እዚያ አልነበረችም።

እንግዲህ ይህች ልጅ መጠይቅ ብትሞላ ምን ትሆናለች? «ከመዳረሻቸው አልፈው የወረዱ።» ምክንያት፦ «የመንገድ መረጃ እጥረት።» ካርታ ይሠራላት ይባል ይሆናል።

ስለ ማውራት ደግሞ አንድ የቺካጎ ጥናት አለ። ኒኮላስ ኤፕሊና ጁሊያና ሽሮደር የተባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 አሳተሙት። ጠዋት በባቡር ወደ ከተማ የሚሄዱ ሰዎችን ለሦስት ከፈሏቸው። አንዱን ክፍል አጠገባችሁ ካለው እንግዳ ሰው ጋር አውሩ አሏቸው፣ ሌላውን ዝም ብላችሁ ለብቻችሁ ተቀመጡ፣ ሦስተኛውን እንደ ወትሯችሁ ሁኑ። ሌሎች ሰዎችን ደግሞ ሳያደርጉት የትኛው ደስ እንደሚላቸው እንዲገምቱ ጠየቋቸው። ገማቾቹ ለብቻ መቀመጥ ይሻላል አሉ። ያወሩት ሰዎች ግን ከሁሉም የበለጠ ደስ የሚል መንገድ ነበረን ብለው ተናገሩ።

የተጠየቀ ሰውና ያደረገ ሰው ለየቅል ናቸው ማለት ነው። መጠይቄን ይዤ የምዞረው እኔ ገማቾቹን እየጠየቅኩ ነው።

ሐዋሳ ላይ ግን ጥናቱን እንዳለ መገልበጥ አይሠራም። ቺካጎ ሰው እንዲያወራ ታዝዞ ነው ያወራው። እዚህ «የት ነሽ?» ተብሎ ስለተጀመረ ወሬው ወዲያው ይቀጥላል። መጀመሪያ በአማርኛ ይጀመራል። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ስልክ ሲያነሳ ሲዳሙ አፎ ወይም ወላይትኛ ይናገራል፤ ያኔ አጠገቡ ያለው ፊቱ ይበራል፣ ስልኩ እስኪዘጋ ጠብቆ በዚያው ቋንቋ ይቀጥላል። ከዚያ ዘመድ ፍለጋ ነው። የማን ልጅ፣ የየት ቀበሌ። እኔ መሀል ከሆንኩ ወሬው በላዬ ላይ ነው የሚተላለፈው። ሐሜትም ካለ እሰማለሁ።

ዝም የሚባለው መቼ እንደሆነም አይቻለሁ። መልስ ሲጠፋ ነው። ተሳፋሪው ትልቅ ብር ያወጣል፣ ሹፌሩ «ዝርዝር የለኝም» ይላል፣ ሁሉም መስኮት መስኮቱን ያያል። አሁን ቴሌብር መጥቶ ነገሩ ቀለል ብሏል፤ ኔትወርክ ካለ።

ስለ መጠበቅ የሚያወራውን ክፍል ደግሞ እወደዋለሁ። ጥያቄ 9፦ «በአማካይ ስንት ደቂቃ ይጠብቃሉ?» አንዱ «ወዲያው ነው የሚመጣው» ይላል፣ አጠገቡ አብሮት የቆመው «ግማሽ ቀን!» ይላል። ሁለቱም አይዋሹም።

የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንን ነገር በደንብ ይዘውታል። አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎችን ስንት ደቂቃ እንደጠበቁ ጠየቁ፤ እዚያው በተተከለ ካሜራ ደግሞ በትክክል ስንት እንደቆሙ ለኩ። አግዳሚ ወንበር፣ ጣሪያና አውቶቡሱ መቼ እንደሚደርስ የሚያሳይ ሰሌዳ በሌለበት ፌርማታ ላይ ሰው የጠበቀበትን ጊዜ አብዝቶ ይናገራል። እነዚህ ሲኖሩ ግምቱ ወደ እውነቱ ይጠጋል። ከዚያ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሌላ ጥናት ዛፍን አየ። መኪና የበዛበትና አየሩ የተበከለ ፌርማታ ላይ መጠበቁ ይረዝማል፤ ትልልቅ ዛፍ ባለበት ግን ያጥራል።

ዛፍ! ይህን ሳነብ ቆሜ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም። ምክንያቱም የማውቀው አንድ ፌርማታ አለ፤ ፌርማታው ሰሌዳው አይደለም፣ ዛፉ ነው። ሰሌዳው ጠራራ ፀሐይ ላይ ብቻውን ቆሟል። ሥሩ ሰው አይቶ አያውቅም። ከሰሌዳው ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። ጠዋት ጥላው በፋርማሲው በኩል ይወድቃል፤ ሰውም እዚያ ይቆማል፣ ባጃጆቹም እዚያ ይጠጋሉ። ስድስት ሰዓት አካባቢ ጥላው ግንዱ ሥር ይሰበሰባል፤ ሰውም ይሰበሰባል። የዚያን ጊዜ ነው ሰው ትከሻ ለትከሻ ተነካክቶ «ኧረ ፀሐይ!» የሚባባለው። ከሰዓት በኋላ ጥላው በወዲያኛው በኩል፣ ወደ ሊስትሮዎቹ ቦታ ይዞራል። ሊስትሮዎቹ ግን ሞኞች አይደሉም፤ ወንበራቸውን ጠዋት ከፋርማሲው በኩል ነው የሚዘረጉት። እነሱ ከሰው ቀድመው ይዞራሉ፣ ሰው ከነሱ ጋር ይዞራል፣ ባጃጁ ሰውን ይከተላል። አዲስ ሹፌር ከሆነ ሰሌዳው ጋ ቆሞ ጡሩምባውን ይነፋል። ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

እኔም አንድ ቀን ወረቀቴን ይዤ ከእነሱ ጋር እየዞርኩ ዋልኩ። አንዱ ሊስትሮ «እህቴ፣ ጫማ አታስጠርጊም፣ አትሄጂም፤ ምን ፈልገሽ ነው?» አለኝ። ጥላ እያጠናሁ ነው ብለው አበደች ይለኛል ብዬ «ሰው እየጠበቅኩ ነው» አልኩት። ጫማዬንም ጠረገልኝ።

የመንገድ ምርጫ የሚባለውም እንደዚሁ ነው። ጥያቄው «ይህን መንገድ የመረጡት ለምንድነው?» ይላል፤ አማራጮቹ ዋጋ፣ ፍጥነት፣ ምቾት፣ ደህንነት። ሰው እውነት መርጦ የሚሄድ ይመስል። ለንደን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 የምድር ውስጥ ባቡር ሠራተኞች አድማ መትተው ነበር። የተወሰኑ ጣቢያዎች ብቻ ስለተዘጉ ሰው በሌላ መንገድ ለመሄድ ተገደደ። የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ኢኮኖሚስቶች ማንንም አልጠየቁም፤ ሰው የሚያስነካውን የመሳፈሪያ ካርድ መረጃ አዩ። አድማው ካለቀ በኋላ ከመቶ 5 ያህሉ ወደ ድሮ መንገዳቸው አልተመለሱም። ሲመላለሱበት የኖሩት መንገድ የሚሻላቸው እንዳልነበረ የነገራቸው አድማው ነው።

እዚህ አድማውን የሚተካልን ነዳጅ ነው። ነዳጅ ጠፍቶ ባጃጆቹ ማደያ ተሰልፈው ሲውሉ ጎረቤታችን አንድ ጋሼ የልጃቸውን ብስክሌት ከጓሮ አወጡ። ሐዋሳ ሜዳ ናት፤ ለብስክሌት የተሠራች ከተማ ናት ማለት ይቻላል። ነዳጁ ተመልሶ መጣ፣ እሳቸው ግን ከብስክሌቱ አልወረዱም። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ሐኪም አዞኝ ነው» አሉኝ። ሚስታቸው ከኋላቸው ቆመው በዓይናቸው ሳቁ። ሐኪሙ ያዘዘው ከብዙ ጊዜ በፊት ነው።

እስካሁን ያነበበኝ ሰው «እንግዲያው ጥያቄ የሚባል ነገር ይቅር ነው የምትይን?» ሊለኝ ይችላል። አይደለም። ዝም ብሎ ማየትም ያሳስታል። ይህን ያሳየችኝ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛ የሆነች ልጅ ናት።

መሸት ብሏል። ልጅቷ መንገድ ዳር ቆማለች። ባዶ ባጃጅ መጣ፣ ሹፌሩ ቀዝቀዝ አደረገ፣ እሷ በእጇ እለፍ አለችው። ሌላ መጣ፤ ወንዶች ናቸው ያሉበት፣ አንድ ቦታ አለ። አሁንም እለፍ። ከሩቅ ለሚያያት መራጭ ናት፣ ወይም ሰው ቀጥራለች። በእኔ መመልከቻ ወረቀት ላይ «ያለ ምክንያት አልተሳፈሩም» ብዬ ልጽፍ ነበር። ጠጋ ብዬ፣ ቁጥር ሳልጠቅስ፣ እንደ ሰው ጠየቅኳት።

«ሴት ያለችበት እስኪመጣ ነው» አለችኝ። «ባዶ ከሆነ እኔና እሱ ብቻ ነን። ወንዶች ብቻ ካሉ ደግሞ ያው ነው። አንድ ሴት ካለች ግን ገባሁ ማለት ነው። ሴት ካልመጣች ወይ ጓደኛዬን እደውላለሁ ወይ ታርጋውን ለወንድሜ እልካለሁ።»

ከዚያ ሁለታችንም ቆመን ጠበቅን። አንዲት እናት ከኋላ የተቀመጡበት ባጃጅ ሲመጣ ልጅቷ ከመግባቷ በፊት አጎንብሳ ፊታቸውን አየች። እናትየው ቶሎ ገባቸው። ዘንቢላቸውን ጭናቸው ላይ አነሱና «ነይ ልጄ፣ ግቢ» አሏት።

የሚኒሶታዎቹም ይህን አግኝተውታል። ደህንነት በማይሰማቸው ቦታ ከ10 ደቂቃ በላይ የጠበቁ ሴቶች የጠበቁበትን ጊዜ ከወንዶች ይበልጥ አርዝመው ነው የሚናገሩት። ካሜራው ደቂቃውን ለካ፤ ፍርሃቱን የነገሩት ግን ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ነው ነገሩ። አይተህ የገረመህን ጠይቅ። የእኛ መጠይቅ ግን ማንም ሳይገረም የተጻፈ ነው።

ይህን ሁሉ ለአስተባባሪያችን ነገርኩት። ጥሩ ልጅ ነው፤ አብረን ነው የተማርነው። ጨርሶ ሰማኝና የመጀመሪያ ጥያቄው «ናሙናሽ ስንት ነው?» ሆነ። አንዲት ተማሪ፣ አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ፣ አንድ ዛፍ አልኩት። ሳቀ። ሁለተኛው ጥያቄው ግን የሚያሳስብ ነበር። «ሰው እየታየ መሆኑን ካላወቀ ፈቃዱስ?» አለ። ልክ ነው። የሚልግራም ተማሪዎች ማንንም አስፈቅደው አልነበረም፤ ያ ዘመን ሌላ ነው። እኔ ግን ስም አልጽፍም፣ ፎቶ አላነሳም፣ ታርጋ አልይዝም። አደባባይ ላይ ሁሉም የሚያየውን ነው የምጽፈው። እሱም ቢሆን ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ይቅረብ ተባብለናል።

እስከዚያው የተስማማነው ይህ ነው። መጠይቁ ይቀጥላል፤ የተከፈለበት እሱ ነውና። በወረቀቱ ጀርባ ግን ያየሁትን በራሴ ቃል እጽፋለሁ፤ ማን የት እንደተቀመጠ፣ ማን ለማን እንደወረደ፣ ማን ማንን እንዳሳለፈ። 14ኛውን ጥያቄ «ባጃጅ ውስጥ ማን አጠገብ መቀመጥ ይመርጣሉ? ለምን?» ወደሚል እንዲቀይረው ለምኜዋለሁ። ለአለቆቹ አቀርባለሁ ብሏል።

አዳማ ያላችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር ጻፉልኝ። እናንተም ጋ ባጃጁ ብዙ ነው። ሩቅ የሚሄደው ወደ ውስጥ የሚለው ደንብ እናንተም ጋ ይሠራል? ሽማግሌ በሩ ጋ ሲቀመጡስ ከውስጥ ያለው ምን ያደርጋል? የሚመስላችሁን ሳይሆን ነገ ስትሳፈሩ ያያችሁትን ላኩልኝ።